ሁለት ሰረዝ

"ከዚያ ክፍት ቦታ። ከዚያ ሰረዝ። ከዚያ ‘ኮንቲኒው’፤ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ቲ…"

ሰምሃል ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታነባለች። የጆሮ ማዳመጫ ስለሰካች ድምፅዋ ከምታስበው በላይ ከፍ ብሏል። ከገርጂ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ኢምፔሪያል ሲደርስ መንገዱ ተዘጋግቶበት ቆሟል። ጎኗ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ሲያዳምጧት ቆይተው አላስቻላቸውም።

"የኔ ልጅ፣ ድግምት ነው እንዴ የምታነበንቢው?"

"ኧረ አይደለም እማማ! ኮድ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራበት።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ማየት ለማይችል ልጅ ነው። ዛሬ የሥራ ፈተና አለበት።"

"እኔን!" አሉና ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንሥተው ያዙላት። "በይ እንግዲያው በደንብ አንብቢለት።"

ሰምሃል የምትተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ከዚያ ሌላ የቴሌግራም ቻናል አላት። አጫጭር ኮዶችን፣ አዲስ ኮምፒዩተር ለሥራ የሚዘጋጅበትን ዘዴ፣ ኢንተርኔት ሲያስቸግር የሚያዋጣውን መላ ትለጥፍበታለች። ኮዱን ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ በቀለማት አሳምራ ፎቶ ታደርገዋለች፤ ከሥሩ አንድ ቀልድ ጣል ታደርጋለች። ሰዎች የሚወዱላት ፎቶዎቹን ይመስላት ነበር።

ቅድም ታክሲ ለመያዝ ስትጋፋ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። ደዋዩ ላጲሶ እንደሚባል፣ ቁጥሯንም ከቻናሏ እንዳገኘ ነገራት።

"እባክሽ፣ ሰሞኑን ከለጠፍሽው ፎቶ ላይ ኮዱን ታነቢልኛለሽ?"

"ወንድሜ፣ አይቶ መገልበጥ ይህን ያህል ይከብዳል?"

"ይከብዳል እንጂ" አለና ሳቀ። "ዓይነ ስውር ነኝ። ኮምፒዩተሩ ጽሑፍ ያነብልኛል፤ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ‘ፎቶ’ ብሎኝ ያልፋል።"

ሰምሃል "ይቅርታ፣ አላወቅኩም" አለችው። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ።

ላጲሶ ግን አልተቀየማትም፤ ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳት። ከሰዓት በኋላ አንድ ድርጅት በቪዲዮ ሊፈትነው ነው፤ ፈታኞቹ እያዩት አንድ ትንሽ ገጽ መሥራት አለበት። የራሱ ላፕቶፕ ድንገት ስለተበላሸ የእህቱን ተውሷል፤ እሱ ላይ ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልገው ፕሮግራም የለም። ሊያወርደው ሲሞክር ኢንተርኔቱ መሃል ላይ እየተቋረጠ ከዜሮ ይጀምርበታል። ካቆመበት የሚያስቀጥለው ትእዛዝ ያለው የሰምሃል ፎቶ ውስጥ ነው።

"ጨረስሽ?" አላት ላጲሶ አሁን በስልክ።

"ጨረስኩ። እስቲ ሞክረው።"

ቁልፎቹን ሲነካካ ተሰማት። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ በጥድፊያ የሆነ ነገር አነበነበ። ከዚያ ጸጥ አለ።

"እንደገና ከዜሮ ጀመረ።" የቅድሙ ሳቅ ከድምፁ ጠፍቷል። "እንዲህ ከሆነማ አይደርስልኝም።"

"ቆይ፣ ቆይ። አቋርጠው።"

ፎቶውን በሁለት ጣቶቿ ለጥጣ እያንዳንዷን ምልክት መረመረች። ሰረዟ ረዘም ያለች መሰላት። የፎቶውን የፊደል ቅርጽ የመረጠችው ለውበቱ ነበር፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ምልክቶችን ገጣጥሞ አንድ ያስመስላቸዋል።

"ላጲሶ! ሁለት ናቸው! ሁለት ሰረዝ፣ መሃላቸው ክፍት ቦታ የለም!"

"ሁለት? እሺ… ሁለት።"

ሚኒባሱ ጥቂት ተንፏቆ እንደገና ቆመ። ሴትዮዋ የሰምሃልን ፊት ፊቷን ያያሉ።

"ቀጠለ" አለ ላጲሶ ቀስ ብሎ፣ ያመነው አይመስልም። ከዚያ ጮኸ። "ካቆመበት ቀጠለ!"

"ቀጠለ!" ብላ እሷም ጮኸች። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አያት።

"እሰይ!" አሉ ሴትዮዋ፣ ምኑ እንደቀጠለ ባያውቁም። "ማርያም ትርዳህ በይው።"

"ማርያም ትርዳህ እያሉህ ነው።"

"እኔ እንኳ ጴንጤ ነኝ" አላት፤ "ዛሬ ግን የማንንም ምርቃት አልመልስም። አሜን በያቸው።"

ሃያ ሁለት ሰፈር ስትደርስ ቀጠሮዋ አልፎ ነበር። ድረ ገጽ የምትሠራለት የሆቴል ባለቤት ስለ ክፍሎቹ ሲያወራት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። ስብሰባው ተራዝሞ አመሻሹ ላይ ሲያልቅ ጎረቤት ካለ ካፌ ገብታ ማኪያቶ አዘዘች። ስልኳ የጠራው ማኪያቶው ሳይመጣ ነው።

"እንዴት ሆነልህ?"

"ሠራሁት! አንደኛው ፈታኝ ‘ገጹ ማማሩን በምን ታውቃለህ?’ አለኝ። ‘የሚያይ ሰው እጠይቃለሁ፤ እናንተም ለማያይ ሰው ማገልገሉን እኔን ትጠይቃላችሁ’ አልኩት። ሰኞ ለሙከራ ግባ ብለውኛል።"

"እንኳን ደስ አለህ!" አለች፤ አጠገቧ የተቀመጡት እስኪዞሩ ድረስ። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ነገር ከነከናት። "ላጲሶ፣ ኮዱን ማንበብ ካልቻልክ ቻናሌ ውስጥ ምን ትሠራለህ?"

"ቀልድሽን እሰማለኋ! ‘ፎቶ’ ይለኝና ቀልድሽ ይመጣል። ከቀልዱ ተነሥቼ ኮዱ ምን ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። አንዳንዴ ይሳካልኛል።"

እየሳቀ ነበር የነገራት። እሷ ግን ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ማኪያቶዋን እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም። የስልኳን አንባቢ ድምፅ ከፈተች፤ ዓይኗን ጨፍና የራሷን ቻናል አዳመጠች። ‘ፎቶ’ አላት፤ ቀልዷ ተከተለ። ‘ፎቶ’፤ ሌላ ቀልድ። የለፋችበት ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ከቀልዶቹ አንዱ ግን ራሷን አሳቃት።

ለዛሬ ያዘጋጀችው አዲስ ፎቶ ተሠርቶ አልቋል፤ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረው። ተወችው። ለተከታዮቿ "ለጊዜው አዲስ ነገር የለም፤ አሮጌዎቹን በጽሑፍ እያስገባሁ ነው" ብላ ጻፈች። ከዚያ እስከ ቻናሉ መጀመሪያ ድረስ ወደ ላይ ወጣች፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍታ ከሥሩ፣ ከቀልዱ በፊት፣ ኮዱን ፊደል በፊደል መተየብ ጀመረች።