በእሾህ ያልተዘጋው መንገድ

እንግዳው የውሃ መያዣውን ከፍቶ ወደ አፌ ሲያስጠጋው በሁለት እጄ ገፋሁት። ደነገጠ። እጄን አፌ ላይ ያደረግሁት መናገር እንደማልችል ላስረዳው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የተጠማሁ መስሎታል። ከኋላዬ፣ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ፣ የመንደሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች መቁጠሪያቸውን ይዘው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ አያቸው።

«ጁሌ» አለ፤ ሰላምታችንን የሆነ ቦታ ተምሮ ኖሯል።

ሁላችንም ራሳችንን ዝቅ አድርገን መለስንለት። ቃል ግን ከማናችንም አልወጣም።

የጾሙ ሁለተኛ ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ይበላል፣ ይወራልም። በሁለተኛው ግን እስከ ማግስቱ ንጋት ድረስ እህልም ውሃም ወደ አፍ አይገባም፣ ቃልም ከአፍ አይወጣም። እኔና እናቴ በብርዱ ወራት ለሞተው አባቴ ስንጾም የቆየነው በዚያን ቀን ሊያልቅ ነበር። ሁለቱ ቀን አንድ ዙር ነው፤ ይህም የመጨረሻው ዙር ነበር። ጾሙ ለአባቴ የመንገድ ስንቅ ነው፤ አንድ ጉንጭ ውሃ ወይም አንድ ቃል ካመለጠ ግን ዙሩ ይፈርሳል፣ ስንቁም ይጎድላል። እናቴ ይህን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች። ሁለተኛ መንገር አላስፈለጋትም።

«ታንግዜ?» አለ እንግዳው። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ነው። ካርታውን ዘረጋልኝ።

በጣቴ ሽቅብ፣ ነጩ የጸሎት ሐውልት፣ ቾርተኑ፣ ወደቆመበት ሸንተረር አመለከትኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝና ሻንጣውን አዝሎ ሄደ። ፊቱ ላይ ግን ከደጅ የተመለሰ ሰው ቅሬታ ነበር።

ለከሰዓቱ ስግደት ምንጣፌን ላወርድ ጣራው ላይ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከጣራው መንታ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። የላይኛው ቀጭን ነው፤ በናዳው ድንጋይ መሃል እየተጠማዘዘ ይወጣል። የታችኛው ሰፊ ነው፤ በብርዱ ወራት ሰውም ከብትም ሲረግጠው ስለሚከርም አገር ያቀና መንገድ ይመስላል። ወደ ገደሉ ወርዶ ወንዙን የሚሻገረው ግን በበረዶ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ ወንዙ በረዶውን ከሥር እየበላ ባዶ ያደርገዋል። ላዩ እንደ ነበረ ይቆያል። ለዚህ ነው እርሻ ሲጀመር በታችኛው መንገድ አፍ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ የሚጋደመው። እሾህ የተጋደመበትን መንገድ እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ አያልፈውም። እሾሁን የሚያጋድመው አባቴ ነበር። ዘንድሮ የእናቴ ወንድም ሞሩፕ «ለእኔ ተዉት» ብሎ ነበር።

መንታው ላይ እሾህ አልነበረም።

እንግዳው ቆሞ ሁለቱንም መንገድ አየ። ሰፊውን ያዘ።

ምንጣፉን ጥዬ እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ ጣቶቼን ደጋግሜ ወደ ራሴ ሰበሰብኩ። ና፣ ና፣ ተመለስ። አየኝ። እጁን አነሳልኝና እርምጃውን አፈጠነ።

ወርጄ የእናቴን እጅጌ ሳብኩ። እስከ ግቢው አጥር ተከተለችኝና ወደማመለክታት አየች። ገባት። መቁጠሪያዋ ጣቶቿ መሃል ቆመ። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ገጠመችውና በእጇ ወደ ቤተ መቅደሱ ጓሮ ገፋችኝ። እዚያ የሚናገር ሰው አለ፤ ሞሩፕ።

ሞሩፕ አይጾምም። እሳቱንና ውሃውን የሚጠብቅልን እሱ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ እኛን ለማናገር ሲቀልድ ነው የዋለው። እንጨት እየፈለጠ አገኘሁት።

«ኧረ ኩንዜስ፣ የኔ ምሁር! ራበሽ እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ ወደ መንገዱ ጠቆምኩ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልገምት። ያኳ ላም ማሳ ገባች?»

አይደለም።

«እሷ ካልገባች ምን ያስሮጥሻል? ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዓመት ከተማ አስተምረንሽ፣ አሁን እንደ ዝንጀሮ ትወራጪብኛለሽ?»

ወደ ገደሉ አመለከትኩ። በሁለት ጣቴ የሚሄድ ሰው አሳየሁት።

«ወንዙ? ወንዝ ልትወርጂ? አሃ፣ ጠማሽ! አይሆንም። ጠብታ ባቀምስሽ እህቴ በቁሜ ትቀብረኛለች።»

ሳቀ። ምላሴ ጥርሴ ሥር ደርሶ ነበር። ልናገር ነበር። ያኔ አጥሩ ላይ የተከመረውን እሾህ አየሁ። አንዱን ቅርንጫፍ ስቤ እግሩ ሥር አጋደምኩት።

መጀመሪያ ሳቁን ቀጠለ። ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እሾሁ» አለ። «ነገ እዘጋዋለሁ ስል… ኩንዜስ፣ ሰው ሄዷል?»

ራሴን ወደ ታች ነቅንቄ አዎ አልኩት።

«ወይኔ ጉዴ! ሩጪ! እኔ በዚህ ጉልበቴ… ሩጪ አንቺ፣ እደርስብሻለሁ!»

ቅርንጫፉን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ከሰዓት በኋላ በገደሉ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ፊቴን ይመታል። ከኋላዬ ሞሩፕ «አንተ ሰውዬ! ተመለስ!» እያለ ይጮኻል፤ ነፋሱ ግን ድምፁን ወደ መንደሩ ይመልሰዋል። ከትናንት ቀትር ወዲህ ምንም አልቀመስኩም። ጉሮሮዬ ደርቆ ትንፋሼ እንኳ ያፏጭ ነበር።

መታጠፊያውን ስዞር አየሁት። በረዶው ዳር ቆሟል። ዞር ሲል መጀመሪያ እኔን አየ፤ እሾህ ይዤ የምሮጥ፣ የማልናገር ሴት። ቀጥሎ ከበላዬ፣ በመንገዱ ጥምዝ ላይ፣ ሞሩፕን አየ። ሞሩፕ መጥረቢያውን አላስቀመጠም ነበር።

እሾሁን ጣልኩ። እጄን ዘርግቼ እንደገና ጠራሁት፤ ና፣ ና። ወደ ኋላው ተራመደ። ጣቶቼን ባፈጠንኩ ቁጥር እሱም ያፈጥናል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የውጭ አገር መምህርታችንን እንዲህ ስንጠራት ፊቷን አዙራ ትሄድ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በእነሱ ዘንድ ይህ ምልክት ሂድ ማለት ነው። ከጣራው ጀምሮ ሳባርረው ነበር።

አንድ እግሩን በረዶው ላይ አሳረፈ። ሁለተኛውን ጨመረ። በረዶው ከዳር ነጭ ነው፤ መሃሉ ግን አመድማ ሆኖ ረግቧል፣ ከሥሩም ወንዙ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። እጄን ብዘረጋ ይሸሻል። ዝም ብዬ ብቆም ይሻገራል። ብጮህ ነፋሱ አለ።

ስለዚህ ሰው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለማያውቃት ሴት ውሃ አቅርቧል።

ጉልበቴን ለቀቅሁትና መንገዱ ላይ ወደቅሁ።

ለተወሰነ ጊዜ ከወንዙ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም። ቀጥሎ የጫማው ኮቴ ጠጠሩ ላይ ተሰማኝ፤ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ሻንጣውን አወረደ። ተንበርክኮ ራሴን በአንድ እጁ ደገፈ። የሚለው ይገባኝ ነበር፤ ምን ሆንሽ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ ይለኛል። የውሃ መያዣውን ከንፈሬ ላይ አደረገ። ጥርሴን ነከስኩ። ውሃው በአገጬ ወርዶ አንገትጌዬ ውስጥ ገባ።

ቀና ብሎ መንገዱን አየ። ሞሩፕ ከጥምዙ በስተጀርባ ተሰውሯል፤ እንግዳው ከእሱ ያየውም መጥረቢያውን ነው። ከእኛ መንደር ተስፋ ቆርጦ ነበር መሰለኝ፣ በእጁ ወደ ማዶ አመለከተ።

«ታንግዜ» አለኝ በተሰባበረ ሂንዲ። «እዚያ ሰው። እኔ ጠርቼ እመጣለሁ። አትፍሪ።»

ተነሳ። እጅጌውን ያዝኩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ አላቀቀና እጄን መታ መታ አደረገው፤ ታማሚን እንደሚያባብሉ። ወደ በረዶው ዞረ።

መናገር እችል ነበር። ግን ይህን ያህል ያስፈራሁት ሰው አንዷን ቃሌን ሰምቶ ይቆማል? አላውቅም። የሚጠጣ ሰው ግን ጥለውት አይሄዱም። ይህን አውቃለሁ።

መሬቱን በእጄ መታሁ። ዞረ። አፌን ከፈትኩና ወደ ውሃው ጠቆምኩ።

ተመልሶ ተንበረከከ። ጠጣሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የብረት ጣዕም አለው። የመጀመሪያው ጉንጭ ሲወርድ አባቴን አሰብኩ፤ ከዚያ ማሰቤን ተውኩ። ውሃው እንዲቆይ በትንሽ በትንሹ ነበር የምጠጣው። እንግዳው ደስ ብሎት «ቀስ፣ ቀስ» ይለኛል። መያዣው እያዘነበለ ሄደ። ከሥሩ የቀረው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል፤ የሞሩፕ ኮቴ ግን አይሰማም። የመጨረሻውን አፌ ውስጥ ያዝኩት፣ ሳልውጠው። የመያዣውን ክዳን ገጠመው።

«አትፍራ! አትፍራ፣ የእንጨት መፍለጫ ነው!» አለ ሞሩፕ ከላይ፤ መጥረቢያውን ወዲያ ወርውሮ እያነከሰ ወረደ። እንግዳው ብድግ ሲል እግሩን ይዤ አስቀረሁት።

ሞሩፕ ፊቴን አየ። አገጬን፣ ባዶውን መያዣ አየ።

«ጠጣሽ?» አለኝ።

ያኔ ዋጥኩት።

ሞሩፕ ወደ በረዶው ዞረ። የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳና በረዶው ላይ ወረወረው። ድንጋዩ አልነጠረም። ጠፋ። በጠፋበት ቦታ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ዳሩ እየተሸረፈ ሰፋ፣ ጥቁሩ ውሃም ታየ። የእንግዳው ዱካ እስከ ቀዳዳው አፋፍ ስንዝር ሲቀረው ያበቃል። እንግዳው ዱካውን አይቶ ባለበት ቁጭ አለ።

ሞሩፕ የጣልኩትን ቅርንጫፍ አንስቶ፣ መንታው ላይ ስንደርስ የታችኛው መንገድ አፍ ላይ አጋደመው፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ጫነበት።

«ይኼ ሲጋደም አትለፍ ማለት ነው፣ ወንድሜ» አለው በእኛው ቋንቋ፤ እንግዳው እንደማይሰማው እያወቀ። «አንተ አላጠፋህም።»

ወደ መንደሩ ስንወጣ ዙሩ ፈርሶብኝ ስለነበር ማውራት ይቻለኝ ነበር። አላወራሁም። እንግዳው ሞሩፕ ቤት ገባ። እኔ እናቴ አጠገብ ምንጣፌን ዘረጋሁ። አንገትጌዬ ገና አልደረቀም። እናቴ አየችው። ፊቷን ወደ መሠዊያው መልሳ ስግደቷን ቀጠለች።

ጎህ ሲቀድ ከበሮው ተመታና አፍ ተፈታ። ሽማግሌዎቹ እየሳሉ፣ እየሳቁ የበሶ ሾርባቸውን ተቀበሉ። ሞሩፕ ለእናቴ ሊቀዳላት ሲል እጇን ዋንጫው ላይ ከደነችው።

«ምነው እህቴ?»

እጇን ሳታነሳ ወደ እኔ ዞረች።

«ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ፣ እማ።»

«ሰውየው ደህና ነው?»

«ደህና ነው። አያ ሞሩፕ በላይኛው መንገድ ሊሸኘው ነው።»

ዋንጫዋን ከፊቷ ገፋ አደረገች።

«አባትሽ እሾሁን በጊዜ ነበር የሚያጋድመው» አለች ሞሩፕን ሳታይ። ሞሩፕ አንገቱን ደፋ።

ሌሎቹ ጠጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔና እናቴ እዚያው ቀረንና ዙሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀመርነው።