ጨው የሌለው ፓኬት

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ይቺ እናት ግን ቢቸግራት ባዶ የቺፕስ ፓኬት ስትለቅም ከረመች። በምትሠራበት ላውንደሪ ውስጥ አብረዋት ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች ቺፕሳቸውን ጨርሰው ፓኬቱን ሊጥሉ ሲሉ «ስጡኝ፣ አትጣሉት» ትላለች። «ምነው፣ ቆሻሻ ማንሳት ጀመርሽ እንዴ?» ይሏታል። ትስቃለች እንጂ አትነግራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ሚጣ የሚላት ልጇ ኩላሊቷን ታማለች፤ ጨው በአጠገቧ እንዳያልፍ ተብሏል፣ ከሁሉም በላይ ቺፕስ። «ያንን ከበላች እብጠቱ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ በቀላሉ አንገላገለውም» ሲል ሐኪሙ፣ ልጅቷም እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። እናት ካሮት ቀቀለችላት፣ ፖም ቆራረጠችላት፣ ጨው ያልነካው ሽምብራ ቆላችላት። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል። ጓደኞቿ ሁሉ ቺፕሳቸውን ሲያንኮሻኩሹ እሷ የበሽተኛ ምግብ መክፈት ታፍራለች። ልጅት መነመነች፣ አንገቷ ቀጠነ፤ እናትም መላው ጠፋት።

በመጨረሻ ድንች ስስ አድርጋ ቆራርጣ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ቀብታ፣ ያለ ጨው ኦቭን ውስጥ አደረቀችው። ባዶውን ፓኬት ጠርጋ ሞላችውና ጨርቅ ጣል አድርጋ አፉን ሞቅ ባለ ካውያ ዘጋችው። በካውያ ማን ይችላታል፣ እንጀራዋ እኮ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ራሱ ቢያየው የኔ ነው ብሎ ይምል ነበር።

ጠዋት ምንም ሳትል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። ከሰዓት በኋላ ፓኬቱ ባዶውን ተመለሰ። እናት ኩሽና ገብታ አለቀሰች፣ ከደስታ ብዛት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አንድም ቀን አላስተረፈች፣ አንድም ነገር አልጠየቀች። እናትም የሰመረ ነገር ምን ያስነካካኛል ብላ ዝም አለች።

አንድ ቀን ባሏ መንገድ ሄዶ፣ እሷም ማልዳ ወጥታ፣ ልጅቷን ለትምህርት ቤት ያሰናዳት የባሏ ታናሽ ወንድም ሆነ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር እነሱ ዘንድ የሚያድር፣ ደግ ግን ሆዱን የሚወድ ሰው። የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ ይሄ ቺፕስሽ ምን ነክቶታል? ሣር ሣር ነው የሚለው» አላት፣ እያኘከ።

«የቱ ቺፕስ?»

«መደርደሪያው ላይ ያለው ነዋ። እኔም ትናንት ያንኑ ዓይነት አንድ ገዝቼ አጠገቡ አስቀምጬ ነበር። ጠዋት አንዱን ለሚጣ ከተትኩላትና አንዱን እኔ...»

ካውያውን ነቅላ፣ የሰው ሸሚዝ እንደተዘረጋ ትታ፣ እግሬ አውጪኝ አለች። አለቃዋ ከኋላ ሲጣራ አልሰማችውም፤ ብትሰማውም አትመለስም ነበር። መንገድ ስትሻገር መኪና ጡሩምባውን አንባረቀባት፣ ሹፌሩም ሰደባት። እሷ ግን የሚታያት ያ ባለፈው ዓይኖቹ እስኪጠፉ ያበጠው የልጇ ፊት ብቻ ነው። «ምነው ያን ፓኬት ሳሽግ እጄን በቆረጠው» እያለች ሮጠች።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆመባት። «ያለ ቀጠሮ ወላጅ አይገባም፣ እናቴ።»

«ልጄ የሚገድላትን ነገር እየበላች ነው» አለችው። ሰውየው ፊቷን አየና ዞር አለላት።

ሚጣ ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። ፓኬቱ ተከፍቷል፣ እጇ ውስጡ ነው። እናት ደርሳ መነጨቀችው። ግማሹ አልቋል። አሁን ታለቅሳለች፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ትለኛለች ብላ ጠበቀች።

ልጅቷ ግን ፊቷ ፈክቶ ተነሣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ዳንኩ እኮ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዛሬ ጣፈጠኝ። ጨው ጨው አለኝ። ሌላ ጊዜ ምንም አይለኝም ነበር፤ በሽታው ምላሴንም በላው ብዬ ነበር።» ከዚያ ጓደኞቿ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ሐኪሙ አይሆንም እያለ አንቺ ቺፕስ ስትሰጪኝ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ነው ብዬ ነበር። የማይድን ሰው የፈለገውን ይብላ ይባል የለ? እንዳታለቅሺ ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ። የምጨርሰውም ደስ እንዲልሽ ነው።»

እናት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ልጅቷን ጭኗ ላይ አወጣቻት። እንዳልዳነች መንገር ነበረባት፤ እንደማትሞትም መንገር ነበረባት፤ ከየቱ እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

«አልዳንሽም፣ የኔ እናት» አለች በመጨረሻ። «ግን አትሞቺም። ያ ቺፕስ ቺፕስ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያለ ጨው የሠራሁልሽ። እንዳታፍሪ ብዬ ዋሸሁሽ። የዛሬው ነው እውነተኛው፣ በስህተት ነው የመጣው። አሁን ተነሥተን ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን።»

ልጅቷ ነገሩን አወጣች አወረደች።

«እና ነገ ደግሞ አይጣፍጠኝም?»

«አይጣፍጥሽም።»

«እንግዲያው አይጣፍጠኝ» አለች ሚጣ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።