ምሳ ዕቃ ማን ይፈትሻል

ጋሽ ገብረዮሐንስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግትር ነበሩ እንጂ። ቴዎድሮስ አደባባይ ባለው የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት፣ ፋየርዎል የሚሉትን የኮምፒውተር መረብ አጥር ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ድረ ገጽ ከሚያልፍበት አንድ በር በቀር ሁሉንም ጠረቀሙት። "ዝንብ አታልፍም" ይሉ ነበር ደረታቸውን ነፍተው።

ዝንቧስ ትቅር፣ ሥራውም አላልፍ አለ። አፍንጮ በር ያለው የድርጅቱ መድኃኒት መደብር ፕሮግራም የሚሠራው ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ያሉትን፣ ኦብጀክት የሚሏቸውን የፕሮግራም ቁርጥራጮች ከርቀት እየጠራ ነው። "ይህ መድኃኒት አለ? ጊዜው አላለፈም?" ይላል፤ እነሱም ይመልሳሉ። አሁን ጥሪው አጥሩ ላይ እየተላተመ ቀረ። በሽተኛው ተሰልፎ ይራገማል፤ እርግማኑ ፕሮግራሙን የጻፈችው ጸሎት ላይ ያርፋል።

"ጋሼ፣ አንዲት በር ብቻ ይክፈቱልኝ" ብላ ለመነቻቸው።

"በር አለሽ እኮ ልጄ፤ ድረ ገጽ አንብቢበት" አሏት፣ ቢሮው ሁሉ እየሰማ። ተሳቀባት። ሥራ ያስገቧት እሳቸው ነበሩ፤ ያም ሆኖ አንጀቷ አረረ።

በማግስቱ ጠዋት የሕንፃው ጥበቃ ቦርሳዋን በርብሮ ምሳ ዕቃዋን ሳይከፍት አሳለፋት። ምሳ ዕቃ ማን ይፈትሻል? ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ጥሪ የድረ ገጽ ጥያቄ አስመስላ ጠቀለለችና በዚያችው በተፈቀደች በር ሰደደችው። መልሱም እንደተጠቀለለ ተመለሰ፤ ሰልፉ ቀለለ።

ሥራ አስኪያጁ አጽብሐ ሲሰማ ደስ አለው። "አራዳ ነሽ። ለሽማግሌው ግን ትንፍሽ እንዳትይ" አላት።

አላለችም። ከወራት በኋላ አንድ ሌባ የመደብሩን ኮምፒውተር ሰብሮ ገባ፤ በእሷው መንገድ ዋናው ቢሮ ደርሶ ያለውን መረጃ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው።

ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ገብረዮሐንስ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ምናለ ዝም ቢሉ! ግን ጊዮርጊስን እየተሳለሙ ያደጉ የፒያሳ ሰው ናቸው፤ ተነስተው ማሉ። "ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ በዚያ በር ከድረ ገጽ በቀር ያለፈ የለም። ካለ አባሩኝ።"

አጽብሐ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቃቸው። እያወቀ አስማላቸው፣ የማይረባ! ከዚያ ወደ ጸሎት ዞሮ "በዚያ በር ሌላ ነገር ያልፋል እንዴ?" አላት።

ጸሎት አጎነበሰች። "እኔ የማውቀው የለም" አለች።

"መርማሪዎቹ ግን ሌባው የገባው በዚያው በር ነው ይላሉ" አለ አጽብሐ። "እንግዲህ እንደ ቃልዎ።" መንገዱን ማን እንደሠራው አላነሳም።

ወንበራቸው ለጸሎት ተሰጠ። ሲያስረክቧት እጇን ያዙ። "ያን ቀን ሰው ፊት አስቄብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። የቱ ጋ እንደሳትኩ ስታገኚው ንገሪኝ።"

"እሺ ጋሼ።"

ዛሬ ጋሽ ገብረዮሐንስ ጊዮርጊስ ግቢ አይገቡም። በታቦቱ ስም በውሸት የማለ እንዴት ይገባል ብለው፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይሳለማሉ። ጸሎት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ በዚያ ነው የምታልፈው። ሲያዩአት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ይጠጓታል።

"አገኘሽው ልጄ?"

"አላገኘሁትም ጋሼ" ትላለች፤ ሰዓቷን አይታ መንገዷን ትቀጥላለች።