የነጩ ድንጋይ አቧራ

ልደት ያን ቀን እጇ ሥራ አልይዝ ብሏት ዋለ። ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች፤ ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት ሁለት የድንጋይ ናሙናዎች አይነቀልም። አንዱ ጥቁር ግራናይት ነው። ሌላው ኳርትዝ የሚሉት፣ ፋብሪካ የድንጋይ ዱቄት በሙጫ አጣብቆ የሚሠራው፣ እንደ ወተት የነጣ።

አሠሪዋ ኒዕማ፣ ሱዳን ውስጥ ካፉሪ በሚባል ሰፈር ያለውን የቪላዋን ወጥ ቤት ልታሳድስ ነው፤ ድንጋዩ ለማብሰያው ባንኮኒ ነው። ልቧ ወደ ነጩ አድልቷል፤ ዘይትም ሎሚም አያበላሸውም ብለዋታል ሻጮቹ። ድንጋዩን የሚቆርጠው ደግሞ የልደት ባል ሰብስቤ ነው፤ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ሂሻም የሚባል ሱዳናዊ ዎርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። ነጩ ድንጋይ ከመጣ ወዲህ ሰብስቤ ጀሪካን አንስቶ በር ሳይደርስ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪሙ የፋብሪካው ድንጋይ አቧራ ከግራናይቱ ይብሳል፣ ሳንባ ይበላል፣ አቧራው እንዳይቦን ውሃ እያፈሰስክ ቁረጥ ብሎታል። እሱ ግን ለአለቃው ትንፍሽ አላለም።

ኒዕማ የትኛው ይሻላል ብላ ስትጠይቃት ልደት አላስቻላትም፤ ሁሉንም በአረብኛ ዘረገፈችላት። ኒዕማ ነጩን ናሙና በጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

"ኸላስ፣ በቃ ጥቁሩ ይሁን" አለች። "ግን እኔ ብተወው ምን ዋጋ አለው? ጎረቤቶቼ ሁሉ ነጩን ነው ያዘዙት።"

ይህች ነገር ልደትን መቀመጫ ነሳቻት። ፈቃድ ጠይቃ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ሐጅ ዩሱፍ ገሰገሰች።

ስትደርስ የዎርክሾፑ ቧንቧ ደርቋል። ሰብስቤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ መጋዙ ላይ አጎንብሷል፤ ለሌላ ቤት ነጩን እየቆረጠ ነው። ብትጠራው አልሰማትም። ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው።

ሂሻም ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ። ልደት ገመዱን እንደያዘች ሐኪሙ ያለውን ነገረችው፤ ውሃ እስኪመጣ ባሌ አይቆርጥም አለችው። ሂሻም እውነት ነው ወይ ብሎ ወደ ሰብስቤ ዞረ።

"ከሥራ ብታስባርሪኝስ?" አላት ሰብስቤ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ብትባረርም ቤትህ ትገባለህ። እንዲህ ከቀጠልክ ግን የምትገባው መቃብር ነው።"

ሰብስቤ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ለሂሻም፣ እውነቷን ነው አለው። ሂሻም የማስረከቢያው ቀን ደርሷል እያለ ቢያማርርም፣ በመጨረሻ ውሃ የሚሸጥ የአህያ ጋሪ አስጠርቶ የዎርክሾፑን በርሜል አስሞላ።

ከዚያ ወዲህ ሰብስቤ ሱሪው በነጭ ጭቃ ርሶ ይገባል። ሳሉ ግን አልለቀቀውም፤ የገባው አቧራ አይወጣም ብሎታል ሐኪሙ። ልደትም ካፉሪ ሆና የቧንቧው ውሃ በተቋረጠ ቁጥር እጇን ሳታደርቅ ለሰብስቤ ትደውላለች። ሰላምታም አታስቀድም፤ ውሃ አለ ወይ ነው የምትለው።