የሚሄድ ሰው ክብር

ጥርስ ሠሪው ጄሶውን በጥብጦ የአፍ ልኩ ላይ ማፍሰስ እንደ ጀመረ የክፍሉ በር በእርግጫ ተከፈተ። ጄሶ ዞሮ ለማየት ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ካላፈሰሱት ሳህኑ ውስጥ ይደርቃል።

"ማነው?" አለ ሳይዞር።

"እኔ ነኝ፤ ሥራህን ቀጥል" አለ ሐኪሙ እያለከለከ።

ጥርስ ሠሪው አፍስሶ ጨርሶ ሲዞር የክሊኒኩ ባለቤት፣ ነጭ ጋወኑን እንደ ለበሰ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ወንበር በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። ወንበሩ ባለጎማ ነው፤ መደገፊያው እስከ ማጅራት ይደርሳል። በሩን የከፈተው በእግሩ ነበር።

"ለወገብህ ይሻላል ብዬ ነው" አለ ሐኪሙ። "ያ በርጩማ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም።"

በርጩማው ሰው የሚቀመጥበት እንዳልሆነ ለሐኪሙ ከተነገረው ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ የሰጠው መልስ፣ ወገብ የሚያሳምመው በርጩማ ሳይሆን ሐሳብ ነው የሚል ነበር። አሁን ግን ወንበሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ መቀመጫውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ "እስቲ ሞክረው" አለ። ጥርስ ሠሪው ተቀመጠ። ሐኪሙ ወንበሩን በቀስታ አሽከረከረለት።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው የጥርስ ሠሪው ሚስት ታናሽ ወንድም ከውጭ ከደወለ በኋላ ነው። እሱ ባለበት አገር ጥርስ ሠሪ ተፈልጎ አይገኝም አሉ። አንድ ትልቅ የጥርስ መሥሪያ ቤት አግኝቶ፣ ወረቀቱን አስጨርሶ፣ የሥራ ፈቃዱ ሳይቀር ወጥቷል። ደመወዙ ሐኪሙን ራሱን "ስንት?" ብሎ ሁለት ጊዜ ያስጠየቀ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ መጀመሪያ የሚሄደው ብቻውን ነው፤ ሚስትና ልጅ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ቆይተው ይከተላሉ። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ በላይ መጠበቅ ስለማይችል ወንድምየው ዛሬ ማታ ደውሎ የመጨረሻውን ቃል ይቀበላል።

ወሬው ከወጣ ወዲህ ጥርስ ሠሪው ሌላ ሰው ሆነ። ድሮ ሰፈሩ "ጥርሱ" ነበር የሚለው፤ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ነበሩ። አሁን አላፊ አግዳሚው ሙሉ ስሙን ከእነአባቱ ይጠራል። አከራያቸው ገና ከሩቅ ስታየው ቆማ ትጠብቀዋለች፤ የሚያፈሰውን ጣሪያም ልታሠራ ሰው አምጥታለች።

ከሁሉ የገረመችው አማቱ ናት። አማቱ ከልጇ ጋር ስትኖር ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ ፊቷ ተቀምጦ እንኳ፣ "ያ ሰውዬ በላ?" ብላ ሚስቱን ነበር የምትጠይቅ። ዛሬ ለምሳ ቤት ሲገባ ከምትወደው ሶፋ ላይ ብድግ አለች።

"ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ። ደክሞሃል።"

"ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ።"

"እኔ ምን ሠርቼ ነው የምቀመጠው?"

ከሾርባው ውስጥ ሥጋ ሥጋውን እየመረጠች እሱ ሳህን ላይ አደረገችለት። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጁ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ ውሃ ልጨምርልህ?" አለችው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀምጣዋለች። ይህ ልጅቷ ከተወለደች፣ ይቅርታ፣ ስልኩ ከተገዛላት ጀምሮ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው።

ጥርስ ሠሪው በልቶ ሲያበቃ ሳህኑን ይዞ ሚስቱን ተከትሎ ወጥ ቤት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

"እኔ ሳስበው ሳስበው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰው ውጭ የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው? ክብር ፍለጋ። የተመቸ ሥራ፣ ቤቱ ሲገባ የሚስቅለት ፊት። ታዲያ እኔ ምን ጎደለኝ? እንዲህ ከኖርኩ የት ሄጄ ምን አመጣለሁ?"

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን እያጠበች ነበር። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እሷ ግን ቧንቧውን ዘጋች፣ ዞረች፣ የረጠበ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ሲደክማት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ምን ያስቃል?"

"ይሄን ሁሉ የሚያደርጉልህ እኮ ልትሄድ ስለሆነ ነው።"

"አይደለም። ዋጋዬ ገብቷቸው ነው።"

"እንግዲያው ቀርቻለሁ በላቸውና እየው።" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "ደግሞ ሸሚዝህን ቀይር፤ ጄሶ አለበት። ስታንኮራፋ እንደ ጤፍ ወፍጮ ነበር ያደርክ፣ ዛሬ ማታ በጎንህ ተኛ።"

ቅር እያለው ወደ ሥራ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ በቀጠሮ የመጡት ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው በቀኝ በኩል ድዳቸውን እየነካ አስቸግሯቸዋል። ጥርስ ሠሪው ተቀበላቸው፣ የነካበትን ቦታ አየው፣ ሞረደው፣ አለሰለሰው፣ መልሶ ሰጣቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ መሳቢያውን ከፍቶ ደረቅ ብስኩት አወጣ። ጥርስ ሠርቶ ሲያስረክብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ብስኩቱ ካልተሰበረ ሥራው አላለቀም።

ሽማግሌው ጥርሱን አጥልቀው ብስኩቱን በጥርጣሬ አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ቀጭ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ፤ ሲውጡ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

"አንድ ድገመኝ።"

ደገማቸው።

"ልትሄድ ነው አሉኝ" አሉ ፍርፋሪውን ከኮታቸው እያራገፉ። "ደስ ይላል። ግን ይሄ ቢሰበርብኝ ወዴት ነው የምመጣው?"

"ሌላ ሰው ይቀጠራል፣ አባባ።"

"እሱማ ይቀጠራል" አሉና የቀረውን ብስኩት ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

ጥርስ ሠሪው የወንድምየውን ወሬ አስታወሰ። "እዚህ ከበሽተኛ ጋር መጨቃጨቅ የለም፣ ጋሼ" ብሎት ነበር። "የአፉ ልክ በካርቶን ይመጣልሃል፣ ጥርሱን ሠርተህ በካርቶን ትልካለህ። ሰው የሚባል አታይም።" ያን ጊዜ እረፍት መስሎት ነበር። አሁን በባለጎማው ወንበር ግራና ቀኝ እየተሽከረከረ፣ በካርቶን ለሚሄድ ጥርስ ብስኩቱን ማን እንደሚያበላው ማሰብ ጀመረ።

ሐኪሙ አንገቱን በበሩ አስገባ።

"ወንበሩ እንዴት ነው?"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር። በጣም ጥሩ ነው።" ጥርስ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "ግን እኔ ሳልቀር አልቀርም።"

ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። "ሳትቀር አትቀርም ማለት ትሄዳለህ ማለት ነው?"

"እቀራለሁ ማለት ነው።"

ሐኪሙ ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። "እንዴት ትቀራለህ? ልጄን እኮ አንተ ጋ ልልከው ነው ያሰብኩት።"

"የትኛውን ልጅዎን?"

"ሦስተኛውን። ትምህርት እምቢ ያለውን። አንተ ቀድመህ ሄደህ ቤት ስትይዝ፣ ቦታ እስኪያገኝ ሶፋ ላይም ቢሆን ይተኛል ብዬ… ለእናቱ ሳይቀር ነግሬያታለሁ።"

"አልሰማሁም ነበር፣ ዶክተር።"

"አሁን ምን እላታለሁ?"

ጥርስ ሠሪው የብስኩቱን መሳቢያ ዘጋ። ሐኪሙ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰና የበሩን እጀታ እንደያዘ ወንበሩን እንጂ ሰውየውን ሳያይ ተናገረ።

"የካርድ ክፍሏ ልጅ ወገቧን አሟታል አሉ።"

ጥርስ ሠሪው ተነሣ። ሐኪሙ ወንበሩን እየገፋ ወሰደው፤ የጎማው ሲጥሲጥታ በኮሪደሩ እየራቀ ሲሄድ ይሰማል። በርጩማው ከጥግ ተስቦ ቦታው ገባ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ወንበሩን ስትቀበል ምክንያቱን ጠይቃ መሆን አለበት፤ ጥርስ ሠሪው ሰፈር ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። አከራይዋ በአጠገቡ ስታልፍ የሆነ ነገር እንደ ጠፋባት ሁሉ መሬት መሬቱን እያየች አለፈች። ጣሪያው ላይ የዋሉት ሠራተኞች መሰላላቸውን አጣጥፈው እየወጡ ነው፤ ጣሪያው ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ያው የድሮው ነው።

ቤት ገባ። አማቱ ሶፋዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ቴሌቪዥን ታያለች።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ?"

አማቱ ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳታነሣ ወደ ጓዳ ጮክ ብላ ጠየቀች። "ያ ሰውዬ መጣ እንዴ?"

ልጁ ክፍሏ በር ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር።

"እውነት ነው አትሄድም?"

"አንቺም ተናደድሽብኝ?"

"ለክፍሌ ልጆች ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ። አሁን ምን ልበላቸው?"

"አባቴ ቀረ በያቸው።"

"ሁሌ እንዲህ ነህ" አለችና በሩን በላዩ ላይ ደረገመችው። የግድግዳው ሰዓት ተነቃነቀ።

ጥርስ ሠሪው ከተዘጋው በር ፊት ቆመ። ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ወሬው ከወጣ ጀምሮ ልጅቷ አንድ ቀን በር አልዘጋችበትም፤ አንድ ጊዜ አልተነጫነጨችበትም። ውሃ ልጨምርልህ፣ ስኳር ይበቃሃል፣ እያለች ከሰው አባት ጋር እንደሚወራ ነበር የምታወራው። እሱም ደስ ብሎት፣ ይህን ጊዜ ሁሉ ገና ሳይሄድ እንደ እንግዳ ሲስተናገድ ቆይቷል። በሩ ሲጠረቀም ግን ቤቱ እንደ ገባ ተሰማው።

ሚስቱ መኝታ ቤት የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ከፊቷ ተቆልሏል።

"እህ፣ ሙከራው እንዴት ነበር?"

"ወንበሩ ሄደ።"

"እማዬስ?"

"ያ ሰውዬ ሆኛለሁ።"

"ጥሩ" አለች ክሩን በጥርሷ በጥሳ። "አሁን አስብ። በወንበሩ ምክንያት ብትቀር ኖሮ፣ ወንበሩ የተወሰደብህ ቀን እኔን ነበር የምትረግመው። አሁን ወንበርም የለህ፣ ጣሪያህም ያፈሳል። እንዲህ ሆነህ የምትወስነው ውሳኔ ያዋጣል።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱን ሲያያት አንድ ነገር ገባው፤ በዚህ ሁሉ ግርግር እሷ ብቻ አልተለወጠችም። ለእሷ እሱ ሊሄድ ነው ሲባልም ያንኮራፋል፣ ቀርቷል ሲባልም ያንኮራፋል።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

መኪናዋን አቆመች። "እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው።"

"ገንዘቡ ያስፈልገናል፤ አልዋሽህም። ልጅቷም ትማርበት ነበር። ግን ሁለት ዓመት…" ጨርቁን አገላበጠችው። "እኔ በስልክ መጣላት አልችልበትም። ስልኩን ዘግቼብህ ብታኮርፍ በምን አውቃለሁ?"

ይህን እንዳለች ስልኩ ጠራ። ወንድምየው ነው፤ በቪዲዮ። ጀርባው ላይ ንጹሕ ነጭ ግድግዳና አንድ አምፖል ይታያል። አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያወራል።

"እህስ፣ ጋሼ፣ ምን ወሰንክ?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ እጅህን ከአፍህ አንሣው።"

"ለምን?"

"የምትለው አይሰማኝም።"

ወንድምየው እያመነታ እጁን አወረደ፤ አፉን ግን ጥቂት ብቻ ነበር የሚከፍት። ጥርስ ሠሪው ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

"ከፊት ያለችው ጥርስ የት ሄደች?"

ወንድምየው እጁን መልሶ አፉ ላይ አደረገ። "ክረምት ላይ ፖም ስበላ ተሰበረች" አለ።

"ታዲያ ለምን አታሠራም?"

"ስማ ጋሼ፣ እዚህ ኑሮው ጥሩ ነው፤ አልዋሸሁህም። ቤቱ ይሞቃል፣ ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣል፣ ማንም አይጮህብህም። ጥርስ ብቻ ነው። የሚጠይቁኝን ዋጋ ስሰማ የቀሩትም አመሙኝ።"

"እና እኔን የምታስመጣኝ ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ብቻ አይደለም" አለ ወንድምየው።

ሚስቱ ፊቷን በዩኒፎርሙ ሸፈነች። ትከሻዋ እንደ ቀትሩ ይንቀጠቀጣል። ጥርስ ሠሪው ግን ሥራው ላይ ነበር።

"ወደ መብራቱ ዙር። አፍህን ክፈት። ደህና። ሥሩ አለ፤ ይሠራል። ልክ ግን በስልክ አይወሰድም። ለእረፍትህ ና፤ እሠራልሃለሁ። እኔ አልመጣም።"

"ደመወዙን አስበኸዋል?"

"አስቤዋለሁ። ሊቆጨኝ ይችላል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይቆጨኝ ይሆናል። አልመጣም።"

ወንድምየው ተነፈሰ። "እሺ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አሁን ቁርጡን ለማንም አትናገር። መሥሪያ ቤቱን ለምኜ፣ ገና እያሰበ ነው ብዬ አንድ ወር ማስጠበቅ አያቅተኝም። እስከዚያ ሐሳብህ ቢለወጥስ?"

ስልኩ እንደ ተዘጋ የአማቱ ድምፅ ከሳሎን መጣ። ለስለስ ብሏል፤ የቴሌቪዥኑም ድምፅ ተቀንሷል።

"ልጄ፣ ምን አለህ? ቁርጥ ሆነ እንዴ?"

ጥርስ ሠሪው ሚስቱን አያት። ሚስቱ መርፌዋን ይዛ ትጠብቃለች። ገና አልተወሰነም ቢል አንድ ወር ሙሉ ሥጋ ሥጋው የእሱ ነው። ወንበሩም ነገ ጠዋት እየተንከባለለ ይመለሳል፤ ቆርቆሮውም ያልቃል።

"ቀርቻለሁ፣ እማማ" አለ።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እንደገና ከፍ አለ፤ አማቱም ከዚያ በላይ ጮኸች።

"እንግዲያው ጋዙ አልቋል፤ ሱቁ ሳይዘጋ ሲሊንደሩን ያስሞላ በሉት!"

ጥርስ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።