ውኃ ያነሰው ዓሣ

ቪዶሳቫ «ዘንድሮ ዝክሩን ወንድምህ ቤት አድርጉት፤ እኔ አልችልም» ስትል ራዲሳቭ ዓሣውን እንደታቀፈ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቀረ። አራት ኪሎ የሚሆን ካርፕ ነው። በየዓመቱ ከቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ሳምንት ቀደም ብሎ ከአንድ አጥማጅ ጓደኛው ያመጣል። ዓሣው ጭቃ ጭቃ ማለቱ እስኪለቀው ገንዳው ውስጥ ይከርማል፤ ባልና ሚስቱም እስከ በዓሉ ድረስ በባልዲ ይታጠባሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖሩት እንዲህ ነው። የቅዱሱ ዝክር ደግሞ የአባቱ፣ የአያቱ ነው፤ አንድም ዓመት ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

«ምን አልሽ?» አላት።

«ሰምተኸኛል። ስንዴ ተከልክያለሁ። ዳቦ አልጋግር፣ ንፍሮ አልቀምስ፣ ወይን አልጠጣ። ታዲያ የምን ዝክር ነው?»

ዓሣው ተወራጨና ራዲሳቭን በጅራቱ በጥፊ አለው።

ነገሩ የጀመረው በጸደይ ነው። ቪዶሳቫን ይደክማት ጀመር። ራሷን ይከብዳታል፣ ሆዷን ይነፋታል፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች፣ ንጋት ላይ ትባንንና እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ጤና ጣቢያ ሄደች። ዶክተር ያስና የምትባል ወጣት ሐኪም ደሟን፣ ልቧን፣ እጢዋን ሁሉ አስመረመረችና «ሁሉም ደህና ነው። ሰሞኑን የደረሰብዎት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ቪዶሳቫ «ምንም» አለች። ሐኪሟም ከወር በኋላ ተመልሳ እንድትመጣ ነግራ ሸኘቻት። ምን ዋጋ አለው፣ ቪዶሳቫ ተቀይማ ቀረች! ድካሟን ይዛ ሄዳ «ደህና ነዎት» ሲሏት ውሸታም የተባለች ነው የመሰላት።

እንግዲህ ጎረቤቷ ሚሌቫ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ሚሌቫ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የሰው ሕመም ስትሰማ ዓይኗ ይበራል። ዝላትኮ የሚባል፣ ሐኪም ሳይሆን ነጭ ጋውን የሚለብስ ሰው ዘንድ ወሰደቻት። ሰውየው ሁለት የናስ ዘንግ አስጨበጣት፣ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ተርመሰመሰ፣ ከዚያ ሦስት ገጽ ወረቀት ወጣ። ደሟ ውስጥ እርሾ አለ። እጢዎቿ ዝለዋል። ጉበቷ ላይ ትል አለ። ስንዴ፣ ስኳርና ወይን ክልክል ነው ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቆሽቷ ላይ ጅምር ጥላ ይታያል።

የቪዶሳቫ እናት የሞተችው በቆሽት ካንሰር ነው፤ በስድሳ አንድ ዓመቷ። ቪዶሳቫ አሁን ስድሳ አንድ ሆኗታል።

ራዲሳቭ መጀመሪያ አሾፈ። «እርሾ ቢኖርብሽማ እስካሁን ኩፍ ብለሽ ከቤቱ በወጣሽ ነበር» አላት። አልሳቀችም። «ማሽን እኔን ዋሽቶ ምን ይጠቀማል?» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ዓሣውን ባመጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መቀስ ሲፈልግ መሳቢያ ውስጥ አንድ የተጠቀለለ መሀረብ አገኘ። ሲፈታው የእናቷ ቀለበት ነው። አብሮት ቁራጭ ወረቀት አለ፤ በቪዶሳቫ የእጅ ጽሑፍ «ለልጄ ሚስት» ይላል። ራዲሳቭ አልጋው ላይ ዘጭ አለ። ማሾፉ ሁሉ ጠፋ። ይህች ሴት ጓዟን እየሸከፈች ነው! ከዚያም ያልጠበቀው ፍርሃት ያዘው፤ ማሽኑ ልክ ቢሆንስ?

ራዲሳቭ ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት የሠራው በባቡር ጣቢያው የፉርጎ ሚዛን ላይ ነው። እዚያ ሚዛን ሲያጠራጥር ማንም አይጨቃጨቅም። ክብደቱ ቁርጥ ሆኖ የሚታወቅ አንድ ፉርጎ ይጎተትና ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ልክ ከተናገረ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተናገረ ይዘጋል። «ታዲያ ይኼስ ሚዛን አይደል?» አለ ለራሱ። የሚያውቀው ነገር መመዘን አለበት። ራሱን እንዳያስመዝን፣ በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ያውቃል? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ዓሣው ገንዳው ውስጥ ተንቦጫረቀ።

ዝላትኮ መምጣት ለማይችል ሰው በጥጥ የተላከ ምራቅም ይመረምር ነበር። ጥጡን የምታመላልሰው ሚሌቫ ናት።

«ሚሌቫ፣ አንድ ዘመድ አለኝ» አላት በማግስቱ። «ኒኮላ ይባላል። ከቤት አይወጣም።»

«ምን ይሰማዋል?»

«አይናገርም እኮ። ዝም ብሎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።»

«ውይ ምስኪን! እጢ ነው» አለች ሚሌቫ ወዲያው፣ ጥጡን ስትሰጠው።

ራዲሳቭ እጅጌውን ሰብስቦ ካርፑን በግራ እጁ ያዘና ጥጡን አፉ ውስጥ አዟዟረው። «ይቅር በለኝ፣ ኒኮላ» አለው።

ከሁለት ቀን በኋላ ሚሌቫ ወረቀቱን በር ላይ ሰጠችው። ፊቷ ሐዘን ሐዘን ይላል። «አይዞህ» ብላው ሄደች። ራዲሳቭ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና መነጽሩን አደረገ። ደሙ ውስጥ እርሾ አለ። እጢዎቹ ዝለዋል። ጉበቱ ላይ ትል አለ። ቆሽቱ ላይ ጅምር ጥላ ይታያል። ስንዴ፣ ስኳርና ወይን ክልክል ነው። ቃል በቃል ያው ነው! ከሥር አንድ ነገር ብቻ ተጨምሯል፦ ሰውነቱ ከባድ የውኃ እጥረት አለበት፤ በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር ይጠጣ።

ራዲሳቭ ወረቀቱን አየ። ዓሣውን አየ። ዓሣው ውኃው ውስጥ ጠልቆ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ራዲሳቭ «ተመስገን! ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ ተመስገን!» አለና ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣበት።

ቪዶሳቫ ድምፁን ሰምታ መጣች። «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

ሁሉን ነገራት። በትከሻዋ የነበረውን ፎጣ አውርዳ ትሸነቁጠው ጀመር። «በሕመሜ ትቀልዳለህ? እኔ ልሞት ነው ብዬ ስጨነቅ አንተ ከዓሣ ጋር ቲያትር ትሠራለህ?»

«አልቀለድኩም። ቀለበቱን አገኘሁት።»

ፎጣው ቆመ።

«ፈርቼ ነው፣ ቪዳ። ፈርቼ ነው ያደረግኩት።»

ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አነበበች። ሁለተኛም አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «በቀን... ሁለት ሊትር?»

«ቢያንስ ይላል።»

ቪዶሳቫ ሳቀች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ፣ ከጸደይ ወዲህ ያልሳቀችውን ሁሉ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

«እና ምንድነው ያለብኝ? ደክሞኛል እኮ፣ ራዲሳቭ። ድካሙ ውሸት አይደለም።»

«ድካምሽን ማን ውሸት አለ? ወረቀቱ ነው ውሸት።»

ፎጣውን ጭኗ ላይ አጣጠፈችና «የምባንነው እኮ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው» አለች።

ሰዓቱን ሁለቱም ያውቁታል። ታናሽ እህቷ ሩዣ በየማለዳው በዚያ ሰዓት ትደውል ነበር፤ ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ያገኘችውን ታወራለች። መጋቢት ላይ ልቧ በድንገት ቆመ። ከቀብሯ ወዲህ ቪዶሳቫ አንድም ቀን ስሟን አንስታ አታውቅም።

«ሐኪሟ ምን ደረሰብዎት ብላኝ ነበር። ምንም አልኳት» አለች። «ሩዣዬን ምንም አልኳት!» ራዲሳቭም ወለሉ ላይ ወርዶ አቀፋት፤ እስኪወጣላት አለቀሰች።

በማግስቱ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዶክተር ያስና ይህን ጊዜ የሩዣን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስለ ጥላውም እንዳይጠራጠሩ ብላ ቆሽቷን በአልትራሳውንድ አየችው። «ንጹሕ ነው። ምንም ጥላ የለም» አለች። «ድካሙ ግን እውነት ነው፤ ሐዘንም ሰውን እንዲህ ያደርጋል። እየመጡ እናወራለን፣ እሺ?» ቪዶሳቫ ወደ ቤት ስትመለስ አምስት ኪሎ ዱቄት ገዛች። ራዲሳቭ ልሸከምልሽ ቢላት አልሰጥም አለች።

የቀረው የኒኮላ ጉዳይ ነው። «እኔ አብሮኝ የታመመውን አልበላም» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ለእንግዶቹ ባቄላ ተቀቀለ፣ ከገበያም ሌላ ዓሣ መጣ።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ቪዶሳቫ ወጥ ቤት ናት። የዝክሩ ትልቁ ዳቦ ከምድጃ ወጥቷል፤ ለቅምሻ የጋገረችው ትንሹም ከጎኑ ይጨሳል። ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ቪዶሳቫ በቆመችበት ደረቀች። ቀስ ብላ አነሳችው።

«ሃሎ?»

«እኔ ነኝ፣ ቪዳ። ወንዙ ዳር ነኝ። ደህና አደርሽ?»

ቪዶሳቫ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ኒኮላ ገባልሽ» አለ ራዲሳቭ። «ዞር ብሎም አላየኝ፣ ምስጋና ቢስ! ውኃ ግን አሁን በቂ አለው።»

ቪዶሳቫ እየሳቀች ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። «ነገም በዚህ ሰዓት ትደውላለህ?»

«ነገማ አልጋ ውስጥ ካንቺው ጎን ነኝ እኮ።»

«ከአልጋው ደውል» አለችው። «አሁን ቶሎ ና፣ ቄሱ ሊመጡ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የትንሹን ዳቦ ጫፍ ቆረሰችና እንደቆመች፣ በትኩሱ በላችው።