ጡረተኛው ላይ ያረፈ እጅ

አባቴን በጩቤ ያስወጋው የፀሐይ ቅባት ነው። ኮኮናት ኮኮናት የሚሸት ነጭ ቅባት። የወጋው ደግሞ የክርስትና አባቴ ነው።

ቅባቱ የኢኛኪ ነበር። ኢኛኪ ከስፔን የመጣ፣ ለመንገደኞች ምክር የሚጽፍ ሰው ነው። አንድ ከተማ ሳምንት ይቀመጥና የት እንደሚበላ፣ በምን እንደሚኬድ፣ ከምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። እኛ ቤት ያለችውን ትርፍ ክፍል ተከራየ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቼ ሥራ ስላጣሁ እንግዶቻችንን ሳንቶ ዶሚንጎ ከተማን አስጎበኛለሁ፤ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ከኋላዬ አልተለየም። ካቴድራሉን አሳየሁት፤ «ጥላው ጠዋት ጥሩ ነው» ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈ። ወንዙ ዳር ያለውን ምሽግ አሳየሁት፣ እስረኞች ሲማቅቁበት የኖሩትን ክፍል፤ «ደረጃው ያዳልጣል» ብሎ ጻፈ። በየደረስንበት ቆሞ ፊቱንና ክንዱን ይቀባል። ቆዳው የተላጠ ድንች ይመስል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት በጋራ ታክሲ ስንሄድ ሾፌራችን መንገድ ከዘጋበት ባለ ሞተር ጋር ተጣላ። የጎማ መፍቻውን ይዞ ወረደና የሰውየው ጉልበት ላይ አሳረፈው። ሲሰበር መኪናው ውስጥ ሆነን ሰማነው። አጠገቤ የተጣበቀችው ሴትዮ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «አንተ፣ ጨርሰህ ና እንጂ! ሥራ አለን እኮ!» ብላ ጮኸችበት።

የኢኛኪ ፊት በራ። «አየሽ፣ ይሄ ነው እውነተኛው ከተማ!» አለኝ።

«ይሄ የሰው ጉልበት ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ የዶሮ ፍልሚያ ካላየሁ አለ። ለቱሪስት የተሠራውን ትልቁን አዳራሽ አሳይሃለሁ ብለው አሻፈረኝ አለ። አባቴ የሚሄድበትን ነው የፈለገው።

አባቴን ሰፈሩ ዶን ቴሞ ይለዋል። ጀርባው እስኪጎዳ ድረስ አናጢ ነበር፤ አሁን ሥራው ዶሮ ማሠልጠን ነው። ከኦሳማ ወንዝ ማዶ ባለው ፍልሚያ ቤት ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በቃል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ከተከራከሩ «ቴሞ ምን አለ?» ይባላል፤ ቴሞ ያለው ይጸናል። አባቴ ከዚህ በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት የለውም። ጥርሱ እንኳ የራሱ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድን። «ምንም ነገር እንዳትነካ» አልኩት ኢኛኪን በር ላይ። ስለ ወንበሩ ንጽሕና የነገርኩት መስሎት መቀመጫውን በመሐረብ ጠረገ።

የዚያን ቀን የአባቴ ዶሮ ጡረተኛው ነበር። ስሙን ያገኘው ሌሎቹ ዶሮዎች ሲንጎራደዱ እሱ ዝም ብሎ ስለሚቆም ነው። ተጋጣሚው የቻጎ ቀይ ዶሮ ነው። ቻጎ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የአባቴ አበልጅ፣ እኔን ያስጠመቀ ሰው ነው። ሁለቱ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ዶሮ ሲያጋጥሙ ኖረዋል፤ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ጠርሙስ የሸንኮራ አረቄ ለሁለት ይጠጣሉ።

ዳኛው ዶን ፕሊኒዮ በሎሚ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ሁለቱንም ዶሮዎች ከራስ እስከ ጅራት ጠረጋቸው። ላባውን ቅባት ቀብቶ የተጋጣሚው ምንቃር እንዲያዳልጥ የሚያደርግ ሌባ አይጠፋም፤ የሚጠረገው ለዚያ ነው። ከተጠረገ በኋላ ዶሮውን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም። እኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

አባቴ ጡረተኛውን ታቅፎ በፊተኛው ወንበር በኩል ሲያልፍ ኢኛኪ ተንጠራርቶ፣ «እንዴት ያምራል!» አለና ከአንገቱ እስከ ጀርባው በመዳፉ አሻሸው። ደግሞ ደገመው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የእጁ አንጓ እዚያው ይሰበር ነበር። አባቴ የኢኛኪን እጅ አየ። ዶሮውን ለዶን ፕሊኒዮ መልሶ «እንደገና ጥረግልኝ» ማለት ይችል ነበር፤ እንዲያ ማለት ግን ቤቱ ያሳደረውን እንግዳ በሰው ሁሉ ፊት ቆሻሻ ብሎ መሳደብ ነው። ስለዚህ ፈገግ አለ። «እንግዳዬ ነው። ለመልካም ዕድል ብሎ ነው» አለ። ዶን ፕሊኒዮ ትከሻውን ነቀነቀ።

«አበልጄ!» ብሎ ጮኸ ቻጎ ከማዶ። «ስፔናዊ ያሻሸው ዶሮ እኮ እንቁላል ነው የሚጥለው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶሮዎቹ ተለቀቁ። ኢኛኪ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ነው ኮኮናቱ የሸተተኝ።

ተዋጊ ዶሮ መጀመሪያ ባላንጣውን በምንቃሩ አንገቱ ላይ ይይዛል፤ ከዚያ ይዘልና እግሩ ላይ በሰም በተጣበቀው ሹል ጥፍር ይወጋል። ቀዩ ያዘ፤ አመለጠው። እንደገና ያዘ፤ አመለጠው። ወንዶቹ «ያዘው! ያዘው እንጂ!» እያሉ እንጨቱን በእግራቸው ይደበድቡታል። ጡረተኛው ቆሞ ጠበቀ። ቀዩ ለሌላ ሙከራ አንገቱን ሲዘረጋ ዘለለና ዓይኑን ወጋው። ቀዩ በአንድ ክንፉ አሸዋውን እየመታ ዞረ፤ ወደቀ። ጡረተኛው ጀርባው ላይ ወጥቶ አናቱ እስኪከፈት ድረስ ጠቀጠቀው። ደሙ የፊተኛው ወንበር ላይ የኢኛኪ ሱሪ ድረስ ተረጨ።

ቻጎ አጥሩን ዘሎ ገባ። የሞተውን ዶሮውን አላየውም። ጡረተኛውን አንስቶ አንገቱን በአውራ ጣቱ አሸው፤ አሸተተው። ጣቱን ነጭ ሸሚዙ ላይ ጠረገ። የጠረገበት ወዛ።

«ቅባት!» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኛ ስፔናዊውን ስናይ አንተ ቀባኸው፣ ቴሞ? በእኔ ላይ?»

አባቴ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኢኛኪ እጅ ሄደ። እንደገባው አየሁ። አንዲት ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሙሉ የሚነሳው በስፔናዊው ላይ ነበር።

«ዶሮዬን መልስልኝ» ብቻ አለ።

ቻጎ የጡረተኛውን አንገት ጠመዘዘው። ገና በሚንፈራገጠው ሬሳ አባቴን በፊቱ ላይ መታው። አባቴ በቡጢ አፉን አለው። ቻጎ የዶሮዎቹን እግር ፕላስተር የሚቆርጥባትን ጩቤ ከቀበቶው መዘዘና ከጎድኑ ሥር ሰካት። አባቴ እንደ ደከመው ሰው አሸዋው ላይ ቁጭ አለ፤ በጣቶቹ መካከል ደሙ ይወርዳል። እኔ አጥሩን ስዘል አንዱ በወንበር ትከሻዬን መታኝ፤ ሆን ብሎ ይሁን በስሕተት አላውቅም። ዶን ፕሊኒዮ እላያችን ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ የቴሞ ዶሮ እዚህ ቤት አይገባም። ቃሉም አይገባም።»

ኢኛኪን ያገኘሁት ውጭ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ በተቀመጠበት ታክሲ ውስጥ ነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ፣ ጩቤው አንጀቱን አልነካውም አለ። ሲሰፉት አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«የቻጎ ጩቤ ደንዛዛ ነው» አለኝ አባቴ። «ሳለው እያልኩት እንቢ ብሎ። እንኳንም አልሰማኝ።»

«ፓፒ፣ ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግሪም። ቤቴ ያደረ ሰው ነው። ነገ ማታ በረራ አለው። በደህና ይሂድ።»

«ስምህስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜም ያየሁት ጀርባውን ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ ቤት ስመለስ ሱቁ በር ላይ ቢራ የሚጠጡ ጎረምሶች ነበሩ። አንደኛው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አፋትጎ አሸተተና ዓይኑን ገለበጠ። በጥፊ አጮልኩት፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

«ኧረ አይደለም!» አለ ደሙን እየላሰ። «ይቺ ቅባት የላትም፣ እጇ ደረቅ ነው!»

ሲስቁ እስከ ቤታችን በር ድረስ ተሰማኝ።

ኢኛኪ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነበር። ቅባቱ፣ ፓስፖርቱና ያጠበው ሱሪ አልጋው ላይ ተደርድረዋል።

«አባትሽ እንዴት ነው? አልተኛሁም፣ ታምኛለሽ?»

«አምናለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍልሚያ ቤት ሄደህ ቅባቱ የአንተ እንደሆነ ትናገራለህ።»

«ዩዴልካ፣ እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም! የፀሐይ ቅባት ነው። ከፈለግሽ ደብዳቤ እጽፋለሁ። በድምፅ እቀዳልሻለሁ።»

«እዚያ ሰው የሚታመነው መሐል ሜዳ ቆሞ፣ ፊቱ እየታየ ሲናገር ነው።»

«አንቺ ንገሪያቸው እንግዲህ።»

«ልጁ ናት፣ ልታጥበው ነው ይላሉ።»

ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። «ቢገድሉኝስ?»

«አይገድሉህም። ይመቱህ ይሆናል።»

«አልሄድም» አለ። «አባትሽ ራሱ እንዳልሄድ ነው የሚፈልገው። ጠዋት ደውሎልኛል። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይገርማል፣ እሱ እኔን።»

ይሄ ነው ያናደደኝ። ፓስፖርቱን ከአልጋው ላይ አነሳሁና ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እዚያ ስትመጣ ታገኘዋለህ» አልኩት። «ቅባቱን ይዘህ ና።»

መጣ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። ዶን ፕሊኒዮ ፍልሚያውን አስቁሞ መሐል ሜዳ አስገባው። ኢኛኪ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ዶሮውን እኔ ነኝ የነካሁት። እጄ ላይ ይሄ ነበረ። ዶን ቴሞ አያውቅም።»

ዶን ፕሊኒዮ መዳፉ ላይ ጨመቅ አደረገ፣ አሸው፣ አሸተተ። ከዚያ መዳፉን ወደ ቻጎ አፍንጫ አስጠጋ። ቻጎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

«እሱ ነው» አለ። «ራሱ ነው።»

ከዚያ ቻጎ ኢኛኪን አፉን በቡጢ መታው፤ በዚያ ቡጢ ውስጥ የሞተው ቀይ ዶሮ፣ የታነቀው ጡረተኛ፣ በከንቱ የወጋው አበልጁ ሁሉም ነበሩ። ኢኛኪ የአጥሩ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ወረዱበት። አንዱ በጫማው ጎኑን፣ አንዱ በቢራ ሣጥን ጀርባውን። ይመቱሃል ብዬው ነበር፤ እንዲህ ግን አልገመትኩም። እላዩ ላይ ተኛሁ፤ አንድ ሁለት እርግጫ ለእኔም ደረሰኝ። ዶን ፕሊኒዮ ሽጉጡን አውጥቶ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ተኮሰ። ዝገት እንደ ዝናብ ወረደብን።

«በቃ!» አለ። «ቴሞ ንጹሕ ነው። ሰምታችኋል። አሁን ይሄን ሰውዬ ከሜዳዬ ላይ አንሱልኝ፣ ገና ፍልሚያ አለ።»

ኢኛኪ ጥርስ ተፋ። ፓስፖርቱን ስሰጠው ሽፋኑ ላይ የጣቱ ደም ታተመ። ታክሲ አስገብቼ አውሮፕላን ማረፊያ ላክሁት። ምክሩን በኋላ ድረ ገጹ ላይ አነበብኩት፤ ስለ ዶሮ ፍልሚያ የጻፈው «ፊት ወንበር አይቀመጡ» የሚል ብቻ ነው። ስለ እኔ፣ «አስጎብኚዋ ሰዓት አክባሪ ናት» ይላል።

ለአባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ይዤ ሆስፒታል ስደርስ ቻጎ ቀድሞኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ጆንያ ውስጥ የታሰረ፣ አንገቱን ብቻ ያወጣ ጎረምሳ ዶሮ ይዟል።

«ቅባት ባይኖር ቀዩ በሁለተኛው ሙከራ አንገቱን ይቆርጠው ነበር» ይላል ቻጎ።

«ጡረተኛውን? አንተ ሰውዬ ጠጥተሃል!» አባቴ የተሰፋውን ጎኑን ይዞ ይስቃል። «አታስቀኝ፣ ክሩ ይበጠሳል።»

ሸሚዙን እንደያዝኩ ጠጋ አልኩ።

«ስምህ ተመልሷል፣ ፓፒ» አልኩት።

«ነገረኝ።» አላየኝም። «የሰውየውን ጥርስ አወለቁት አሉ።»

«አዎ።»

«ቤቴ ያደረውን። ፓስፖርቱን ቀምተሽ፣ እንደ በግ ነድተሽ።» አሁን አየኝ። «ስሜን አምጪልኝ ብዬ የለመንኩሽ አለ? እኔ ሰጥቼው ነበር እኮ። አውቄ ነው የሰጠሁት።»

«በጩቤ ተወግተህ?»

«በጩቤ ተወግቼ።»

ቻጎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አበልጄ እውነቱን ነው፣ ልጄ። እኔም ባልመታው ይሻል ነበር፤ ግን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። በይ፣ ይቅርታ በይው አባትሽን።»

ይህን ሲለኝ እጁን አባቴ ትከሻ ላይ አሳርፏል። ጥፍሩ ሥር የደረቀ ደም ነበረ፤ የአባቴ ይሁን፣ የስፔናዊው ይሁን፣ የዶሮው ይሁን አይታወቅም። አባቴ የቻጎን እጅ ከትከሻው ላይ አላወረደም። ጆንያው ውስጥ ያለው ዶሮ ጮኸ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው አንገቱን ያዩ ጀመር።

ሸሚዙን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።